የወንድሜን ሱቅ የዘጋሁበት ሸማ

ወንድሜ ሱቁን የዘጋ ቀን መኪናዬን ከፊት ለፊቱ ፓርክ አድርጌ፣ ኤሲውን ለቅቄ፣ ተደላድዬ ተቀምጬ አየሁት። ሁለት ሠራተኞች መሰላል ላይ ወጥተው የአባታችን ስም የተጻፈበትን ታፔላ ሲነቅሉ፣ እሱ ከታች እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ይጠብቃል። ታፔላው ሲወርድለት እንደ ሕፃን አቅፎ ቫኑ ውስጥ አስገባው። ሰዎች እስከ ዛሬ «ምንም ቢሆን ወንድምሽ ነው፤ ትንሽ እንኳን አላዘንሽም?» ይሉኛል። አላዘንኩም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ወደ ሪቻርድሰን ነድቼ ጥሩ ምሳ በላሁ፤ ጣፋጭም አዘዝኩ።

ነገሩ የተጀመረው ዳላስ አይደለም። እኛ ቤት ሽመና የዘር ሥራ ነው። የአባቴ አባት ሸማኔ ነበር፣ አባቴም ሸማኔ፤ አባቴ ግን ከአንድ ጉድጓድ ተነስቶ አዲስ አበባ ያለውን ግቢያችንን በሙሉ በሸማኔ ሞላው። የሐበሻ ሸማኔ ሲሠራ አይቶ የማያውቅ ካለ ልንገረው፤ መሬቱ ይቆፈራል፣ ሸማኔው አፋፉ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ጉድጓዱ ይሰድና ከታች መርገጫውን እየረገጠ ከላይ መወርወሪያውን ይወረውራል። ጉድጓዱ የወንድ ነው። ሴት ትፈትላለች፣ ክሩን ታዳውራለች፣ የነጠላውን ጫፍ ትቋጫለች፤ ጉድጓድ ግን አትገባም። ትምህርት ቤት «የሸማኔ ልጅ» የሚለው ስድብ ለሁለታችንም እኩል ደርሶናል። ውርሱ ሲመጣ ነው ለእሱ ብቻ የሆነው።

ጥለቱን የማወጣው እኔ ነበርኩ። ባለ ካሬ ወረቀት ላይ በከለር እርሳስ እየሞላሁ ለአባቴ እሰጠዋለሁ፤ እሱ አይቶ፣ አንገቱን ነቅንቆ፣ ምንም ሳይለኝ ወደ ሸማኔዎቹ ይወስደዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያቺን ጥለት የማላውቃት ሴት ቀሚስ ላይ አያታለሁ። ገበያ ላይ በአባቴ ስም ይጠራ የነበረው ጥለት ሁሉ ከእኔ እጅ የወጣ ነው። ጉራ ከመሰላችሁም ይምሰላችሁ።

አባቴ ሲታመም አልጋው አጠገብ ሰበሰበን። ሥራውን ለወንድሜ ሰጠ። እኔ ግማሹን ስጡኝ አላልኩም። አንድ ጉድጓድ ብቻ፤ ተምሬም ቢሆን፣ ሰው ቀጥሬም ቢሆን ላሠራበት አልኩ። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ወንድሜ ሳቀ። ክፉ ሳቅ እንኳን አይደለም፣ ልጅ አስቂኝ ነገር ስትናገር እንደሚሳቀው ነው፤ የባሰ ያቃጠለኝም ይኸው ነው። እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሳችና እንዝርቷን ከጥግ አንስታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «ያንቺ ይኼ ነው፤ አንቺ እዚያ ከገባሽ ሥራው አይባረክም» አለችኝ።

እዚያች ደቂቃ ላይ ቂሜን ቋጠርኩ። በወንድሜ ላይ የምፈልገው ግልጽ ነበር፤ የሳቀበት አፍ አንድ ቀን እንዲዘጋ። እናቴን መበቀል ግን አላሰብኩም። ከእሷ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፤ እኔ የሸመንኩትን እንድትለብስ። በዓል ቀን፣ ሰው ፊት፣ የእኔን ሸማ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ እንድትሄድ። አሜሪካ የመጣሁት፣ የሠራሁት፣ ሰው ክፉ እስኪለኝ ድረስ የከፋሁት ለእነዚህ ለሁለቱ ነገሮች ነው።

በዲቪ ሎተሪ ቀድሜያቸው የመጣሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ኤርፖርት የአውሮፕላን ምግብ ትሪ ደረደርኩ፤ ቀጥሎ በፎርት ዎርዝ በኩል ጨርቅ የሚሠራ ፋብሪካ ገባሁ። ለሆቴል መጋረጃና ለሶፋ የሚሆን ጨርቅ በማሽን ይሸመንበታል። የመጀመሪያ ቀን በሩ ተከፍቶ ያ ሁሉ ማሽን ሲንኳኳ ስሰማ ደጃፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ጉድጓድ የለም። የወንድ ነው፣ የሴት ነው የሚል የለም። ሱፐርቫይዘሬ ሜክሲኳዊት ሴት ነበረች፤ ማሽኑን አስነስታ፣ ክሩ ሲበጠስ እንዴት እንደሚቀጠል አንዴ አሳይታኝ «በይ፣ ያንቺ ነው» ብላኝ ሄደች። በብሬክ ሰዓት መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። የደስታ ልቅሶ አልነበረም፣ የንዴት ነው። ለካ የከለከሉኝ ይኼን ያህል ቀላል ነገር ኖሯል።

አባቴ ካረፈ በኋላ ወንድሜ ሚስቱንና እናቴን ይዞ መጣ። ሌክ ሃይላንድስ ውስጥ ቤት ተከራየ፤ እዚያው አቅራቢያ ፕላዛ ውስጥ ሱቅ ከፈተ። አገር ቤት የቀሩት የአባቴ ሸማኔዎች እየሸመኑ ይልኩለታል፣ እሱ ይሸጣል። ሱቁ በተከፈተ ሳምንት ሄድኩ። ግድግዳው በሙሉ ቀሚስ ተሰቅሎበታል፤ ሁሉም ላይ ያለው ጥለት የእኔ ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ ጥለቱን እኔ ላውጣልህ፤ ሥራውንም አብረን እንያዘው» አልኩት። ያን ቀን ቂሜን ዋጥ አድርጌ፣ ከልቤ ነበር የጠየቅሁት።

«ጥለትማ አለን» አለኝ፣ ግድግዳውን በእጁ እያሳየኝ። ቀጠል አድርጎም «ማለቴ፣ ቢዚ ካልሆንሽ ግን የሚቋጭ ነጠላ አለ። ቤትሽ ወስደሽ ትቋጪልኛለሽ» አለ።

እናቴ ከመጋዘኑ በር አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ሰምታለች።  ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ሰው ወንድም ጋሼ ብዬው አላውቅም።

እንግዲህ ጥርሴን ነክሼ ገባሁበት። ካሮላይና ውስጥ የተዘጋ ፋብሪካ አሮጌ ማሽኖቹን ሲሸጥ ሁለቱን ገዛሁ፤ ጋርላንድ ውስጥ ዌርሃውስ ሊዝ አደረግኩ። የቤት ዕቃ ሳይኖረኝ የሽመና ማሽን ያለኝ ሴት ሆንኩ። የመጀመሪያው ነጠላ ሲወጣ የገበታ ጨርቅ ነበር የሚመስለው፤ ይቆማል፣ አይወርድም፣ ትከሻ ላይ ሲጣል ተመልሶ ይነሳል። ክሩን ቀጭን ሳደርገው ማሽኑ በጠሰው። ከሁሉ የባሰው ግን ጀርባው ነበር። ሸማኔ በእጁ ጥለት ሲጥል ፊቱም ጀርባውም ንጹሕ ነው፤ ማሽን ግን ከፊት አሳምሮ ከኋላ ክሩን ያንዘረዝረዋል። ለመጋረጃ ማን ጀርባውን ያያል? ነጠላ ግን ይገለበጣል፣ ይጣላል፣ ይጠመጠማል፤ ጀርባ የሚባል ነገር የለውም። እናቴ አንዴ በጣቷ ዳሰስ አድርጋው እንደምትወረውረው አውቃለሁ። ሶ፣ ሌላው ሰው ቢገዛውም አልሸጥኩትም። ፊትና ጀርባው አንድ እስኪሆን ድረስ ማሽኑን ፈታሁ፣ ገጠምኩ፣ ከራሴ ጋር ተሰዳደብኩ። ቀኑን ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ መልስ ጋርላንድ፤ እዚሁ ያገባሁት ባሌ ተስፋ ቆርጦ ራቱን ራሱ ማብሰል የለመደው ያን ጊዜ ነው።

ሲሳካልኝ ሱቅ ፈለግኩ። ዳላስና ዙሪያዋ ፕላዛ ሞልቶ ተርፏል። እኔ ግን ከወንድሜ ሱቅ ሁለት በር አልፎ ያለውን ነው የያዝኩት። የሚያውቁኝ «እህት ከወንድሟ አጠገብ? ነውር አይደለም?» አሉኝ። እንዲያየኝ ነው የፈለግኩት፤ ጠዋት ሲከፍትም፣ ማታ ሲዘጋም።

የእሱ ሸማ ቆንጆ ነበር፤ ይህን አልክድም። ግን አገር ቤት ተሸምኖ እስኪደርስ ሰርጉ ያልፋል። የእኔ በሳምንት ይደርሳል። የእሱ በእጅ፣ ያውም በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ አለበት፤ የእኔ ዋሺንግ ማሺን ይገባል። ሁለት ሥራ የምትሠራ እናት የቱን እንደምትመርጥ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ወደ እኔ ዞሩ። ቀጥሎ ሙሽሮቹ፣ ቀጥሎ ክርስትና የሚያስነሱት።

አንድ ቀን ከማኪኒ የመጣች የሙሽራ እናት ከእሱ የገዛችውን ቀሚስ በላስቲክ ይዛ መጣች። ሳታውቅ ዋሺንግ ማሺን ከትታው የጥለቱ ቀይ ነጩን በልቶታል። «ለምን ለሱ አልመለስሽለትም?» አልኳት። «አፈርኩ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። አዲስ ቀሚስ ሰጠኋትና የተበላሸውን ተቀበልኳት። የሱቄ የፊት መስታወት ላይ ሰቀልኩት። ከጎኑ የእኔን፣ እንደሱው በማሽን የታጠበውን፣ ነጭ እንደሆነ ሰቀልኩ። ምንም አልጻፍኩበትም፤ ምንም መጻፍ አያስፈልገውም ነበር። ወንድሜ በማግስቱ ሲያልፍ ቆሞ አየው፤ ቀሚሱን ያውቀዋል። እኔ ከውስጥ ሻዬን እየጠጣሁ አየሁት። እንደዚያን ቀን ሻይ ጣፍጦኝ አያውቅም።

እናቴስ? በየበዓሉ አዲስ ነጠላ እልክላታለሁ። ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና። ሳላስታጉል፣ ለእሷ ብቻ ያወጣሁትን ጥለት እየጣልኩ። በበዓሉ ቀን ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ዓይኔ ትከሻዋ ላይ ነው፤ ሁልጊዜ የአገር ቤቱን ለብሳለች። ቤቷ ሄጄ ስጠይቃት፣ የላክሁት ሁሉ ቁምሳጥኗ ውስጥ በላስቲኩ እንዳለ ተደርድሯል።

«ምን ይጎድለዋል፣ እማዬ?» አልኳት።

«ምንም አይጎድለውም። እጅ ያልነካው ነገር አልለብስም።»

«እጄ ነው የሠራው።»

«መብራት ነው የሠራው» አለችኝ።

 እሺ አልኩ፤ የእሱ ሱቅ ሲዘጋ የምትለብሰው ሌላ ስለማይኖራት ትለብሰዋለች። እንደዚህ ነበር የማስበው፣ እግዜር ያውቃል። ማሽን ጨመርኩ። ጋቢም ጀመርኩ፤ ከዚያ በፊት ጋቢ አልነካም ነበር፣ ለወንድሜ የቀረችው ገበያ ያቺ ብቻ ነበረችና።

ያን ጊዜ ነው ወንድሜ ጋርላንድ ድረስ የመጣው። ኮል አላደረገም፤ ዌርሃውሱ በር ላይ ቆመና ማሽኑ እስኪቆምለት ጠበቀ። እኔም አላስቆምኩትም። በመጨረሻ በጩኸቱ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ጋቢውን እንኳን ተይልኝ» አለ። «ሌላውን ወስደሻል፤ ጋቢውን ተይልኝ። አገር ቤት ያሉት ሰዎች የሚበሉት ከሱ ነው።»

ሸምግሏል። አንገቱ ከሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ ቀጥኗል። ይህን ሁሉ አይቻለሁ፤ አላየሁም አልልም። ግን ጆሮዬ ላይ ያለው ያ ሳቁ ነው። ለዚያች ቀን ስንት ዓመት አፌ ውስጥ ሳላምጥ የኖርኩትን አወጣሁት።

«ሥራ ከፈለግክ አለ» አልኩት። «ማዳወሪያ ጋ ሰው ጎድሎኛል። ክር ታዳውርልኛለህ።»

አየኝ። ማዳወር በቤታችን የማን ሥራ እንደሆነ ለእሱ ማስረዳት አያስፈልግም። አልተቆጣም፣ አልተሳደበም። ራሱን ነቅንቆ ወጣ፤ መኪናው ውስጥ ገብቶ ለረጅም ጊዜ ሳያስነሳ ተቀመጠ። ከወራት በኋላ ታፔላው ወረደ። እሱ አሁን ሰው ከኤርፖርት ያመላልሳል፤ አገር ቤት ያለው ግቢም ተበተነ። እናቴ ስልኬን ማንሳት አቆመች። እኔ ግን ለእንቁጣጣሽ እንደ ልማዴ ነጠላዋን ላክሁ።

ከእንቁጣጣሽ ቀጥሎ መስቀል ነው። ደመራው የሚቆመው ቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ሎት ላይ ነው፤ የእሳት አደጋ መኪናም ጥግ ይዞ ይቆማል። መስከረም ቢሆንም አስፋልቱ ገና ከሥር ይፈጃል። የሄድኩት ልታይ ነው፣ አልዋሽም። ወዳየሁበት ሁሉ የእኔ ጥለት ነው። መዘምራኑ የእኔን ለብሰዋል፣ እናቶቹ የእኔን፣ ስትሮለር ላይ የተኙት ሕፃናት ሳይቀሩ የእኔን። ከተማውን በሙሉ እኔ ያለበስኩት መሰለኝ። ደረቴን ነፍቼ መሐል ቆምኩ።

የወንድሜ መኪና ገባ። እናቴን ደግፎ አወረዳት። መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ነጠላዋ ላይ ነው፤ የእኔ ነው። ለእንቁጣጣሽ የላክሁላት። ከሩቅም ቢሆን የራሴን ጥለት አውቀዋለሁ።  ያን ሁሉ ዓመት የጠበቅሁት፣ በዓል ቀን፣ ሰው ፊት፣ ይኸው ለብሳው መጣች። እንባዬ መጣ፤ ሜካፔ እንዳይበላሽ ቀና አልኩ።

ቀና ስል ነው በደንብ ያየሁት። ጥለቱ ከታች አይደለም። ወደ ላይ ወጥቶ አንገቷን ከቦ ፊቷ ጋ ደርሷል። ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። ሐዘንተኛ ነው እንደዚያ የሚለብሰው፣ ለቅሶ ቤት፣ ቀብር ላይ፤ በመስቀል ቀን ደመራ ፊት ማንም አይለብሰውም። እናቴ ደግሞ በዚህ የምትሳሳት ሴት አይደለችም።

ከአጠገቤ ያለችው ሴትዮ ክንዴን ያዘችኝ። «ውይ በሞትኩት፤ ማን አረፈባችሁ?» አለችኝ። ማንም አልኳት። አላመነችኝም። «ሳልሰማ፤ እግዜር ያጽናሽ» ብላ አቅፋ ሳመችኝ። ሌላዋ መጣች፣ ሌላዋም። እየገፋሁ እናቴ ጋ ደረስኩ።

«እማዬ፣ ነጠላሽ ተገልብጧል፤ ላስተካክልልሽ» ብዬ እጄን ሰደድኩ።

እጄን አንጓው ላይ ያዘችኝ። እንደዚያ ጉልበት ያላት አይመስለኝም ነበር። «ተይው። አውቄ ነው።»

«ማን ሞተ?»

«የአባትሽ ቤት» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። የነጠላውን ጠርዝ በጣቶቿ ዳሰሰችው፣ ገለበጠችው፣ ጀርባውን አየች። «ሥራሽ ቆንጆ ነው። ፊቱም ጀርባውም አንድ ነው። አባትሽ ቢያየው ይገርመው ነበር።» ከዚያ በግራዋ ወንድሜ ወደቆመበት ሳታይ፣ በቀኟ ያለውን ቦታ በአገጯ አሳየችኝ። «ነይ ቁሚ እዚህ። ሰው መጥቷል፤ ተቀበይ።»

ቆምኩ። ምን ቆርጦኝ እምቢ እላለሁ። ሰው ተሰልፎ መጣ፤ እጄን ጨብጦ «ያጽናችሁ» ይላል፣ ወደ ወንድሜ ያልፋል፣ እሱንም ይጨብጣል። ወንድሜ አስፋልቱን እያየ ያመሰግናል። አንዲት ደንበኛዬ እናቴን ስማ ስትጨርስ እዚያው ቆማ የራሷን ነጠላ አወረደችና ዘቀዘቀችው፤ ሐዘንተኛ ፊት ጥለት ወደ ታች አድርጎ መቆም ነውር ሆኖባት ነው። ከኋላዋ ያሉት እሷን አይተው ዘቀዘቁ። መዘምራኑም፣ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ፣ ከዳር ጀምሮ እየተያዩ ዘቀዘቁ። ያ ሁሉ የሸመንኩት ጥለት ወደ ላይ ወጣ። ደመራው ገና አልተለኮሰም፤ ካህናቱ እንኳን ዞረው እያዩን ነው።

ጥለቷን ወደ ታች አንጠልጥላ የቆመች እኔ ብቻ ቀረሁ። ወንድሜን ይቅር አላልኩትም፤ ይህን ስጽፍም አላልኩትም። እናቴ ግን ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም፤ ትጠብቃለች። ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድኩና ዘቀዘቅኩት።